የሚያንጠባጥበውን ቦይለር አፉን አንድፈን

ርእሰ አንቀጽ



የመሐል ሜዳን ብርድ ለመሐል ሜዳ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጭ ለብሶ ሲያድር፣ ዝተት ደርቦ ያደረ ሰው ጠዋት ሙቅ ውሃ ቢያምረው አይፈረድበትም። ስለዚህም ቀድሞ በእንግዳ ማረፊያ ብቻ የምናውቀው ቦይለር አሁን አዲስ በተሠሩት ቤቶች እየገባ ነው፤ በዚህ ደስ ይለናል። የሚያሳስበን ግን ከተሰቀለበት ቀን አንሥቶ ዞር ብሎ የሚያየው አለመኖሩ ነው። መኪና ያለው ሰው ዘይት ያስቀይራል፤ ወፍጮ ያለው ድንጋዩን ያስወቅራል። ቦይለር ያለው ሰው ግን ውሃው መሙቁን እንጂ ሌላውን አይጠይቅም።

ማኅበራችን ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ቤት ለቤት ሲዞር ካየናቸው ቦይለሮች ከአንዳንዶቹ ሥር ያለችው ትንሿ የነሐስ ቫልቭ አፏ ተደፍኖ አገኘናት። አንዱ የእንጨት ውታፍ መትቶባታል፤ ሌላው በጎማ ቁራጭ ጠፍሮ በሽቦ አስሯታል። ለምን ሲባል መልሱ «ታንጠባጥባለች፣ ግድግዳ አበላሸች» ነው። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ይኸ ነው፤ ያቺ ጠብታ ብልሽት አይደለችም።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ 70 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በባለ 80 ሊትር ቦይለር ይኸ ከአንድ ሊትር ተኩል የሚበልጥ ውሃ ነው። ወደ መጣበት ቧንቧ እንዳይመለስ ያቺው ቫልቭ ትከለክለዋለች። ስለዚህ ትርፉ በቫልቯ አፍ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ብዙዎቹ ግፊቱ 8 ባር ገደማ ሲደርስ እንዲከፈቱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ውሃው ሲሞቅ ጠብ ማለት፣ ሞቆ ካበቃ በኋላ ማቆም ደንቧ ነው። ቀንና ሌሊት የማታቋርጥ ከሆነች ወይ አርጅታለች፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ያን ጊዜም ባለሙያ ይጠራል እንጂ አፏ አይደፈንም። ጠብታው ግድግዳ ካበላሸ ቀጭን ቱቦ ከቫልቯ ወደ ፍሳሽ መውረጃ ማስገባት ይበቃል። የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን፤ ውርጭ በሚያገኘው ደጅም አይንጠልጠል፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ይዘጋዋልና።

ቫልቯ ተደፍና ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም ቢበላሽ ምን ይሆናል? አንዳንድ ሰው «እኛ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እስከዚህም አይግልም» ሲል ሰምተናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር በድስት ያለ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ መፍላቱ እውነት ነው፤ ባቄላው አልበስል እያለ የሚያስቸግረንም ለዚሁ ነው። ይኸ ግን ለክፍት ድስት ነው። 8 ባር ግፊት ባለበት ዝግ በርሜል ውስጥ ውሃ 170 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም፤ ሳይፈላ እየጋለ ይሄዳል። ብረቱ ድንገት የተቀደደ እንደሆነ ግፊቱ በቅጽበት ይወርድና ከጋለው ውሃ ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት የሆነው ደግሞ ቀድሞ ከነበረው ቦታ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይፈልጋል። ጣራ የሚያነሣ ፍንዳታ ማለት ይኸ ነው። የአዲስ አበባው ፍል ውሃ ስንት ዘመን ሲፈላ የኖረው አፉ ክፍት ስለሆነ ነው።

ወሬ እንዳይመስል አንድ የታወቀ አደጋ እንጥቀስ። ጥር 11 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ቀን፣ በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ግዛት ስፔንሰር በተባለች ከተማ፣ ስታር በሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጥ ቤቱ የውሃ ማሞቂያ ፈነዳ። ሕፃናቱ ምሳ ላይ ነበሩ። 6 ልጆችና አንዲት መምህርት ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ሲመረመር ሙቀቱን የሚቆጣጠረውም ግፊቱን የሚያስተነፍሰውም ክፍል ሥራውን እንዳልሠራ ታወቀ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ደኅና ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር።

«የእኛ ቤት ውሃ ከሮቶ ነው የሚመጣው፤ ምን ግፊት አለው?» የሚሉም አሉ። ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ብቻ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ግፊቱ የሚመጣው ከሮቶው ሳይሆን ከሙቀቱ ነው፤ ውሃው መመለሻ እስካጣ ድረስ ከሮቶም ይምጣ ከዋናው መስመር ለቦይለሩ ለውጥ የለውም። ደግሞም የመብራቱ ነገር አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣል፤ በዚህ የተነሣ የቴርሞስታቱ ጥርሶች ተጣብቀው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ቦይለሩ «በቃኝ» ማለት ያቆማል።

እውነቱን ለመናገር ፍንዳታ በየዕለቱ የሚደርስ ነገር አይደለም። በየቤቱ ይበልጥ የሚያሰጋን ኤሌክትሪኩ ነው። በውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ በውሃውና በቧንቧው አልፎ ራቁቱን ሻወር ሥር የቆመውን ሰው ያገኘዋል። ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ቦይለር ባይሰቅል ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም። የግድግዳውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ ከነብረቱ ኩንታል ይጠጋል። ኩንታል ጤፍ በሁለት ቡሎን ጭቃ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው አላየንም፤ ቦይለር ሲሰቀል ግን አይተናል።

በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ሥራ ረጅም አይደለም። ባለሙያው መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍቶ መብራት አለመኖሩን በመሣሪያ ያረጋግጣል። የቫልቯን ምላስ አንሥቶ ውሃ መልቀቋንና ተመልሳ መዝጋቷን ያያል፤ የዛገችውን ይለውጣል። ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ አፍስሶ ማሞቂያውን ያወጣና እንደ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት የጋገረበትን ነጭ ነገር ያራግፋል። ከዚያ ውስጥ የምትገኘውን የማግኒዚየም ዘንግ ይመለከታል። ይህች ዘንግ ለበርሜሉ ቤዛ ናት፤ ዝገቱ እሷን እየበላ ብረቱን ይተወዋል። ተበልታ ካለቀች በርሜሉ ተራው ስለሚደርስ መለወጥ ይኖርባታል። ቴርሞስታቱ ውሃውን 60 ዲግሪ ላይ ማቆሙን፣ የመሬት ሽቦውም አለመላቀቁን አይቶ፣ ጎማውን ለውጦ ይገጥማል። ቦይለሩ በውሃ ሳይሞላ ብሬከሩ አይነሣም። ውሃ ጠፍቶ በሰነበተበት ጊዜም ይኸው ደንብ ይሠራል፤ ባዶውን ሲበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

የቫልቯ ዋጋ ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ታዲያ ማን ይክፈል? በስብሰባችን ላይ ረዘም ያለ ንግግር ያስነሣው ይኸ ነበር። አከራዩ «የሚታጠብበት ተከራዩ ነው» ይላል፤ ተከራዩ «ዕቃው የኔ አይደለም» ይላል፤ በመካከል ቦይለሩ ዓመት ከዓመት ሳይነካ ይኖራል። የማኅበሩ አቋም ዓመታዊውን ምርመራ ባለቤቱ እንዲያስደርግ፣ ተከራዩ ደግሞ ቫልቯ ጠብታዋን ጭራሽ ስታቆም ወይም ውሃው ከልክ በላይ ሲያቃጥል ሳይውል ሳያድር እንዲናገር ነው። በሰርቪስ ቤት የሚኖሩት ወንድሞችና እኅቶች ይህን ሲናገሩ «ነገረኛ» ሊባሉ አይገባም።

አባቶቻችን ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ የአጨዳውን ጊዜ በጋራ እየቆረጡ ነበር፤ ሁሉም በየፊናው ቢገባበት ኖሮ ሣሩ አይተርፍም ነበር። እኛም ለቦይለሩ አንድ ጊዜ ብንቆርጥለት ይሻላል ብለናል። በመሆኑም በያመቱ ከመስቀል በኋላ፣ ውርጩ ሳይገባ፣ በጥቅምት ወር ውስጥ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቁ የሠፈራችን ልጆች አንድ ልምድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። የእጅ ዋጋው ከየባለቤቱ ሲሆን፣ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን ማኅበሩ ይሸፍናል። የታየው ቦይለር ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል።

እስከዚያው ድረስ ቫልቯን የደፈናችሁ ዛሬውኑ ብሬከሩን አጥፉ። ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ቀን ጠብቁና ውታፉን አውጡ፤ ባለሙያ ሳያየው ግን መልሳችሁ አታብሩት። ተመዝጋቢዎች የቤት ቁጥራችሁን ይዛችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ እናሳስባለን።