የትኛው ጥድ?



ስለ ዕፀዋት ጥናትና ስለ ችግኝ ተከላ ያለኝን ሐሳብ ለአንባብያን፣ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ለሚጽፉና ለሚፈርሙ ወገኖቼ ለማካፈል ስለ ፈለግሁ፣ በዚህ ዓምድ ጥቂት ስፍራ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለውን የተራቆተ ተረተር እንደ ቀድሞው በአገር ዛፍ ለመሸፈን ተስማማንና የችግኝ መጠየቂያውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ሆንሁ። «ጥድ፣ 600 ችግኝ» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ፤ ችግኙም በክረምቱ መግቢያ በመኪና መጣ። ተማሪዎቼ ጭቃ ለጭቃ ሁለት ቀን ሙሉ ሲተክሉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ ዕድሜ የጠገቡ አባት፣ ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አድርገው፣ «መምህር፣ ይህማ የፈረንጁ ነው፤ የእኛው ጥድ አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ ዛፍ አይደሉም። የመጀመሪያው በሳይንስ ስሙ ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ የሚባለው የደጋችን ነባር ዛፍ ነው። ሁለተኛው ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ የሚባለው፣ ዘሩ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የሆነ መጤ ነው። የእኛው ወፍ የሚለቅመው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ያፈራል፤ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ነው። ችግኙን የላከልንን መሥሪያ ቤት አልወቅስም። የጠየቅነው ጥድ ነው፤ የተሰጠንም ጥድ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የችግኝን ስም ግን የሚያወጣው ደብዳቤ ጸሐፊው ነውና ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪያችን ቅጠል ለቅመን፣ በወፍራም መጽሐፍ መካከል አድርቀን፣ ከሥሩ ስሙን እንድንጽፍ ያደርጉን ነበርና እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ዳሩ ግን መማሪያ መጽሐፋችን ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ነበረ፣ የምንፈተነው በአገራችን ስለማይበቅሉ ዛፎች ነበር። ከአጥሩ ውጭ ስለ ቆሙት ስለ ወይራው፣ ስለ ኮሶውና ስለ ጥቁር እንጨቱ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ዲግሪ ይዤ ዘበኛው የሚያውቁትን ሳላውቅ የቀረሁት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ዕውቀቱ በአገራችን የለም እንዳይባል ግን አለ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት በሙሉ ተጠንተው የተመዘገቡበት ታላቅ መጽሐፍ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ ተፈጽሟል። ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፀዋት ዓይነቶች ተዘርዝረውበታል፤ ከመቶው ዐሥር ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። የደረቁት ናሙናዎችም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊ ሄርባርየም ተቀምጠዋል። ነገር ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የችግኝ መጠየቂያው ደግሞ በአማርኛ። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆን ሰው እምብዛም የለም።

ድልድዩ ሲሠራ ምን እንደሚገኝ በደቡብ ጎንደር ታይቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የአብያተ ክርስቲያናቱን ደኖች ሲያጠኑ፣ ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላና ስለሚረግጥ ሽማግሌዎቹን ዛፎች የሚተካ ወጣት ዛፍ እንደሚጠፋ ተረዱ። ይህንንም በመጽሐፍ አስፍረው ብቻ አልተቀመጡም፤ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተማከሩበት። ሕዝቡም ከእርሻው ላይ ድንጋይ እየለቀመ በየደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ተከለለ። ጥናት ከሥራ ጋር ተገናኘ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስላለፈው ስሕተቴ ብቻ አይደለም። በከተማችን በአንድ የመንግሥት ግቢ ውስጥ አንዲት ያረጀች የሐበሻ ጥድ ቆማለች። በዙሪያዋ ሌላ ስላልቀረ የአካባቢው የመጨረሻዋ ናት ለማለት ይቻላል። አሁን በስፍራዋ መጋዘን ሊሠራ ታስቦ እንድትቈረጥ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ደብዳቤው «በምትኳ 200 የጥድ ችግኝ ይተከላል» ይላል። የትኛው ጥድ እንደ ሆነ አይናገርም።

የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በየራሱ ግንድ ነው። ይህቺ ፍሬ የምታፈራ ሴት ናት። ደግሞም ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ ከስዊድናዊው ባልደረባቸው ጋር በደጋ ደኖቻችን ባደረጉት፣ በ1995 በታተመ ጥናት፣ አብዛኞቹ የዛፍ ዓይነቶች በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ክምችት እንደሌላቸው አሳይተዋል። እናት ዛፍ ከተቈረጠች በኋላ አፈሩ በራሱ ጊዜ ይመልስልናል ብሎ መጠበቅ እንግዲህ ከንቱ ተስፋ ነው።

«ችግኝ ችግኝ ነው፤ የፈረንጁ ቶሎ ያድጋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔም መጤውን ዛፍ አልጠላም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ማውጣቱ የታወቀ ነው፤ ዛሬም ለገበሬው ጥሪት ነው። ለማገርና ለማገዶ ሲፈለግ በስሙ ተጠርቶ በስፍራው ይተከል። የአገሩን ደን ለመመለስ ብለን ግን ሌላውን ብንተክል፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ሕዝቡ ያፈሰሰው ላብ ከታሰበለት ዓላማ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በማንኛውም የችግኝ መጠየቂያና መላኪያ ወረቀት ላይ ከአገሩ ስም አጠገብ የሳይንሱ ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፍ፤ ዘሩ ከየት ወረዳ እንደ ተለቀመም ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ነባር ዛፍ እንዲቈረጥ ከመፈቀዱ በፊት የዕፀዋት ባለሙያ አይቶ ቃሉን ይስጥ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ዕፀዋት አድርቆ፣ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ስማቸውን ይመዝግብ። ይህ ወረቀትና ትጋት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኛም ባለፈው ዓመት ከዚያች ጥድ ሥር ፍሬ ለቅመን በቆርቆሮ ችግኝ አፍልተናል። ብቅ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም የማን ልጆች እንደ ሆኑ ተማሪዎቼ ያውቃሉ። የእናቲቱ ደብዳቤ ግን ገና አልተፈረመም። በፊቱ የቀረበለት ሹም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ወደ ግቢው ወጣ ብሎ ፍሬዋን እንዲመለከት እለምነዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሰሜን ሸዋ