ታሞ ያደገ መምህር

ሰው ሰውን ለመፈወስ የሚበቃው ምን ሲማር ነው? ይህ ጥያቄ በሰላ ድንጋይም ሆነ በደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። እግሩ የተሰበረ ልጅ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ ሌላው ሕመምተኛ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ይወርዳል፤ ሦስተኛው በጤና ጣቢያ ደጃፍ ተራውን ይጠብቃል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ስለ አንድ ሕንዳዊ የዮጋ መምህር ለማውጋት የፈለግነው የሰውዬው ሕይወት ይህን ጥያቄ ደኅና አድርጎ ስለሚያብራራልን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሕንድና እኛ ባዳዎች አይደለንም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ዮጋ ግን አብሮ አልመጣልንም። ቃሉ ከጥንቱ የሳንስክሪት ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ፍቺው መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንድ ትልም እንደሚያወጡ፣ ሰውነትና አሳብም በትንፋሽ ተጠምደው አብረው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ሥሩ የሕንድ ሃይማኖትና ፍልስፍና ነው፤ በሌላው ዓለም ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሰውነትን በማፍታታቱና ትንፋሽን በማረጋጋቱ ነው።

መምህሩ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ይባላል። በ1918 በደቡብ ሕንድ ቤሉር በምትባል መንደር ተወለደ። ያ ዓመት የኅዳር በሽታ ዓለምን የፈጀበት ጊዜ ነው፤ እናቱም በዚሁ በሽታ ተይዛ ሳለ ወለደችው። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ልጁ 9 ዓመት ሲሆነው ሞቱ። ቤቱ ድኻ፣ ልጁም በሽተኛ ሁኖ አደገ። ወባው፣ ተስቦው፣ የሳንባ ነቀርሳው እየተፈራረቀ አደቀቀው። እጁና እግሩ የቀጠነ፣ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ እንኳ የሚያቅተው ልጅ ነበረ።

በ1934 የእኅቱ ባል ክሪሽናማቻርያ ወደ ማይሶር ከተማ አስጠራው። ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ንጉሥ ድጋፍ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የዮጋ ትምህርት ቤት የሚመራ ታላቅ ሊቅ ነበረ። ይሁን እንጂ ልጁን ባየ ጊዜ ተስፋ ቈረጠበት። ዋናው ተማሪ ድንገት ጥሎት በሄደ ጊዜ ነው ታማሚው ልጅ በችኰላ ተሠልጥኖ ሕዝብ ፊት የቀረበው። ትምህርቱ ብርቱ ነበረ፤ ማብራሪያው ጥቂት፣ ቍጣው ብዙ።

በ1937፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ጥቂት እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ ተብሎ ወደ ፑና ከተማ ለማስተማር ተላከ። ተማሪዎቹ በዕድሜም፣ በዕውቀትም፣ በሰውነት ጥንካሬም ይበልጡት ነበር። መምህር ሁኖ ሳለ ገና ያልተማረ በመሆኑ፣ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ብቻውን እየሠራ የገዛ ሰውነቱን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ያዘ። አንድ አቋቋም የት ላይ እንደሚያም፣ የቱ አጥንት ቢቀና ሕመሙ እንደሚቀንስ፣ የቱ ጅማት ቢላላ ትንፋሽ እንደሚከፈት በራሱ ላይ ፈተነው። እውነተኛው ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው።

ከዚህም የሕክምና ዘዴው ተወለደ። ታማሚውን ከአቋቋሙ ጋር በግድ ከማስማማት ይልቅ አቋቋሙን ለታማሚው አስማማው። ጐንበስ ብሎ መሬት መንካት ለማይችል ሽማግሌ ከእጁ ሥር እንጨት አኖረለት፤ ጉልበቱ ለሚያመው ብርድ ልብስ አጣጥፎ ደገፈለት፤ ወንበርን፣ ጠፍርንና ገመድን የመምህር ረዳት አደረጋቸው። ይህም ሥራ በመላው ዓለም በስሙ ይጠራል።

በ1952 ዝነኛው የቫዮሊን ሊቅ ይሁዲ ሜኑሂን ወደ ሕንድ መጣ። ድካምና እንቅልፍ ማጣት አሰቃይቶት ነበርና አየንጋር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተፈቅዶለት ቀረበ፤ በእርሱም እጅ ሊቁ እንቅልፍ ወሰደው። ሜኑሂን በ1954 ወደ ስዊዘርላንድ ወሰደውና አውሮፓ አወቀው። ቀጥሎም የቤልጅግ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከ80 ዓመት በላይ ሁነው ሳለ ተማሪው ሆኑ። በ1966 ዮጋን በብዙ ሥዕል የሚያስረዳ መጽሐፉ ታተመ፤ በ1975 በፑና ያሠራውን ትምህርት ቤት በሟች ሚስቱ በራማማኒ ስም ሰየመው። በ2014 በ95 ዓመቱ አረፈ። ለሞት ታጭቶ የነበረው ልጅ ይህን ያህል ኖረ።

ይሁን እንጂ ሰውየውን መልአክ አናድርገው። ተማሪን በቍጣ የሚመታ፣ በኀይለ ቃል የሚያስደነግጥ መምህር እንደ ነበረ ተማሪዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። የእኅቱ ባል የቀጣበትን እጅ እርሱም ወረሰ። ለታመመ አካል ያን ያህል ይራራ የነበረ ሰው ለደነገጠ ተማሪ አለመራራቱ ያሳዝናል። በትር ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ያለ ጥያቄ የሚወረስ ቅርስ ነው፤ አንዱ ትውልድ በቃኝ ካላለ አይቆምም። አስተማሪ የሆንን ሁሉ ይህን ልብ እንበል።

ሁለተኛም፣ ዮጋ ሁሉን አይፈውስም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቈየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ዮጋን ቈጥሮታል። የሳንባ ነቀርሳን ግን ዮጋ አይገድልም፤ እርሱን የሚገድለው ለወራት ሳይቋረጥ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ይህ ነገር ለእኛም ይሠራል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መጣል የለበትም፤ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ መክረው ነበር። ወጌሻም ቢሆን እጁ የሠለጠነ፣ ታማሚውን እየጠየቀ የሚዳስስ ከሆነ ወለምታን ያቃናል። ነገር ግን የተሰበረ ክንድ በመቃ አጥብቆ ሲታሰር ደም እንዳይዘዋወር ያግደዋል፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቈሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ እንጂ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም። በዚህ ስሕተት ክንዳቸውን ያጡ ልጆች በአገራችን አሉ።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል፦ ፈዋሽ የሚሆነው ሕመምን በቅርብ የሚያውቅ፣ በሌላው ላይ ከመሞከሩ በፊት በራሱ ላይ የፈተነ፣ የእጁ ዕውቀት የት ላይ እንደሚያበቃም የሚያውቅ ሰው ነው። ዲፕሎማ ይኑረው ወይም ዘንግ ይያዝ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከጐደለው አደራችንን ልንሰጠው አይገባም።

ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ ተጣጥፎ መዝገብ የሚገለብጥ ወጣት ጸሐፊ፣ በሻማ አጠገብ ጐብጦ የሚያጠና ተማሪ ቢኖር ይህን ይስማ፦ ወገብህ ሳይጮኽ ቀና በል፤ በየሰዓቱ ተነሥተህ ትከሻህን አፍታታ፤ ትንፋሽህን በረዥሙ ሳብ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሕመሙ ከጸና ግን ተመርመር።