የታሸገ ሁሉ የተመረመረ አይደለም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የማጓጓዣ ባለሀብት «አይዲል ኤክስ» በተባለችው መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን በላከ ጊዜ፣ የዓለም ንግድ መልክ መለወጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ በየወደቡ እየተፈታ እንደገና መጫኑ እየቀረ ሄደ፤ ከፋብሪካው በር የታሸገው ሣጥን ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ካሚዮን እየተላለፈ እንደ ታሸገ መጋዘን ይደርሳል። ጥቅሙንም በጅቡቲ በኩል እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ከ57 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2013፣ ሰሎሞን ሃይክስ የተባለው ባለሙያ ዶከር የተባለውን መሣሪያ በአሜሪካ አገር ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ ይኸው ሐሳብ በኮምፒዩተርም ሥራ ዘንድ በሰፊው ሊዳረስ ቻለ። ቀድሞ አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ በደኅና ሲሠራ ቆይቶ ወደ ሌላው በተዛወረ ጊዜ አልሠራም ይል ነበር፤ የሚያስፈልጉት ተጓዳኝ ፕሮግራሞች በሁለተኛው ላይ አይገኙምና። ዛሬ ግን ፕሮግራሙ ከነሙሉ ጓዙ ባንድነት ታሽጎ ይሄዳል። ይህም እሽግ ኮንቴይነር ተብሎ ተሰየመ።

ባለሙያውም ሥራውን ከባዶ መጀመር አያስፈልገውም። ቴምፕሌት የሚባል፣ አስቀድሞ የተሰናዳ ሞዴል አለ። በውስጡም ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚታሸግ የሚዘረዝር ዶከርፋይል የተባለ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ድረ ገጹንና ዳታቤዙን የሚያያይዝ ሌላ ጽሑፍ፣ እንዲሁም የይለፍ ቃልና ይህን የመሰለው የሚሞላበት የናሙና ቅጽ ይገኛሉ። ባለሙያው ሞዴሉን ይገለብጣል፤ የድርጅቱን ስምና የዕቃውን ዋጋ ያስገባል፤ አሽጎ በራሱ ኮምፒዩተር ይሞክረዋል። ከዚያም ሬጅስትሪ ወደሚባለው የእሽጎች ማከማቻ ይልከዋል፤ ሰርቨሩም ከዚያ አውርዶ ሥራውን ያስጀምረዋል። ቀላል ለሆነ አገልግሎት ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈጸም ይችላል።

ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ቡና ላኪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሚገባ ሳይደርቅ የተጫነ ቡና በኮንቴይነር ስለ ታሸገ ከመሻገት አይድንም። ኮንቴይነር ያኖሩበትን ያደርሳል እንጂ ክፉውን ዕቃ መልካም አያደርገውም። ቴምፕሌትም ለማንኛውም ሰው እንዲሆን የተሰናዳ ነው እንጂ ለአንድ ነጋዴ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው የመጨረሻውን ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የይለፍ ቃሉ ተለውጧልን? በናሙናው ቅጽ ላይ የተጻፈውን ቃል ሞዴሉን ያወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ዳታቤዙም በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚገባበት በር ሊኖረው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ፣ ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው የተተዉ በሺህ የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች በወንበዴዎች ተደምስሰው፣ ባለቤቶቻቸው የማስመለሻ ገንዘብ ተጠይቀዋል።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ የት ይቀመጣል? ኮንቴይነር ተሰርዞ በአዲስ በተተካ ጊዜ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። የደንበኞች ትእዛዝና የዱቤ ሒሳብ ግን ሊጠፋ የሚገባው ነገር ስላይደለ፣ ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቮልዩም በሚባለው ቋሚ ማስቀመጫ ላይ ሊኖር ያስፈልጋል። ግልባጩም በየቀኑ ወደ ሌላ ስፍራ ይተላለፍ፤ ተመልሶ ሊነበብ መቻሉም አልፎ አልፎ ይሞከር። ያልተሞከረ ግልባጭ እንዳልተቈጠረ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ በእሽጉ ውስጥ ምን አለ፤ መቼስ ይታደሳል? አስተዋይ አስመጪ የዕቃውን ዝርዝር ሳያይ አይረከብም። በሞዴሉ ላይ የፕሮግራሞቹ እትም «የቅርቡ» ተብሎ ብቻ ከታዘዘ፣ ዛሬ የሚታሸገውና ከወር በኋላ የሚታሸገው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የእትሙ ቍጥር በግልጽ ይጻፍ። ተጽፎ ይረሳ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች በሚጠቀሙበት መሣሪያ ላይ አደገኛ ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ፣ አስቀድሞ የታሸገው ራሱን በራሱ አላደሰም፤ በተጠገነው እትም እንደ አዲስ መታሸግ ነበረበት።

አራተኛ፣ ቍልፉ በማን እጅ ነው? የድረ ገጹ ስም፣ የሰርቨሩ ኪራይና የሬጅስትሪው ሒሳብ በባለሙያው ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው ኦፕን ኮንቴይነር ኢኒሺዬቲቭ የአስተሻሸጉን ደንብ አንድ ስላደረገው፣ እሽጉን ከአንዱ አከራይ ሰርቨር ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ይሁን እንጂ ዶከርፋይሉና የይለፍ ቃሎቹ ከባለሙያው ጋር አብረው ከሄዱ፣ ነጋዴው ይህን መብት በስም ብቻ ይዞ ይቀራል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ነጋዴው ምን አገባው?» የሚል ሰው አይታጣም። እውነት ነው፣ ነጋዴ ቍልፍ ሠሪ መሆን አያስፈልገውም፤ የመጋዘኑ ቍልፍ ስንት እንደሆነና በማን እጅ እንዳለ ግን ያውቃል። በዚህም ላይ በአገራችን የግለሰቦችን መረጃ ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የደንበኛን ስምና ስልክ መዝግቦ በሚይዝ ላይ ኀላፊነት ጥሏል። «ባለሙያው ነው የሠራው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

በሌላ በኩል፣ አድራሻውንና የዕቃውን ዋጋ ብቻ ለማስታወቅ የሚፈልግ ባለ ሱቅ ይህን ሁሉ መሰናዶ አያሻውም፤ አንድ ተራ ገጽ ይበቃዋል። ትእዛዝ የሚቀበል፣ ሒሳብ የሚይዝና ቅርንጫፎች ያሉት ድርጅት ግን በኮንቴይነር ቢገለገል በእጅጉ ይጠቀማል። ከላይ የተዘረዘሩት አራቱ ነገሮችም በሥራው ውል ላይ በጽሑፍ ቢሰፍሩ፣ ነጋዴውንም ባለሙያውንም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናሉ። ዕቃ ሲረከብ ማኅተሙን አይቶ፣ ከፍቶ፣ ቈጥሮ የሚፈርም ነጋዴ በዚህኛውም ኮንቴይነር ላይ ልማዱን ሊተው አይገባውም።