የጤና ዓምድ፦ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን

በላስ ቬጋስ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ሰው ጥርሱን ተነቅሎ ሲያቃስት ያየ ወዳጁ፣ «እኔን አሽሎኛል፣ ዋጠው» ብሎ ከራሱ የተረፈውን ኮዴይን ያለበት ታይሌኖል ቢሰጠው የሚገርም አይደለም። ደግነት ነው። ይሁን እንጂ ኮዴይን ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባ መድኃኒት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከሕዋስ መነሣት ያሻል። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የቅባት ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ውኃና ቅባት እንደማይዋሐዱ ሁሉ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው አብዛኛው ነገር ሽፋኑን እንደልቡ አያልፍም። ስለዚህም በሽፋኑ ላይ ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ሥራቸው የበር ደወል ይመስላል፤ እንግዳው ደጅ ቆሞ ይደውላል፣ ድምፁ ቤት ውስጥ ይሰማል፣ እንግዳው ግን አይገባም። የሞርፊን ተቀባይ እንደ መርፌ ክር ሽፋኑን ሰባት ጊዜ እየበሳ የሚመላለስ ፕሮቲን ነው። ሞርፊን ከውጭ ሲገጥምበት ቅርፁ ይለወጣል፤ ከውስጥ ያለ ሌላ ፕሮቲን መልእክቱን ይቀበልና ሕመም አስተላላፊው ነርቭ ይረጋጋል። (የዚህን ዓይነት ተቀባዮች አሠራር የገለጡት ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቤል ተሸልመዋል።) ችግሩ፣ ያው ተቀባይ ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም መኖሩ ነው። እዚያ ደወሉ ሲበዛ ትንፋሽ ይዘገያል፣ ሊቆምም ይችላል።

ኮዴይን ራሱ ደወሉን የመጫን ጉልበት የለውም ማለት ይቻላል። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለ ኢንዛይም ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያንኑ አንድ ኪኒን ቶሎ ብሎ ወደ ብዙ ሞርፊን ይለውጠዋል። ሐኪም ቤት የሚሞላው ቅጽ ላይ «ብላክ» የሚለው ሳጥን ይህን አይናገርም፤ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ነገሩ እጅግ ያነሰ ነውና። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ኮዴይን ይስማማኛል ወይ?» ብሎ በአፍ መጠየቅ ይሻላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ አግዷል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው መክሯል። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ከልክ በላይ ካንቀላፋ፣ ከተደናገረ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ 911 መደወል ነው። ናርካን የተባለው አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ሞርፊኑን ከተቀባዩ አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፣ ደወሉን ግን አይጫንም። ኃይሉ ከሞርፊኑ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ሰውየው ቢነቃም አምቡላንሱን መመለስ አይገባም።