የታናሽ እኅት ጥላ

«ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለውን የአሜሪካ አስቂኝ የካርቱን ተከታታይ የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ የተለመደ ፍርድ አላቸው፤ ይኸውም «የመጀመሪያው ዐሥር ዓመት ፍሬ ነበር፤ የቀረው ገለባ ነው» የሚል ነው። ፍርዱ ጨርሶ ሐሰት ነው አልልም። በ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ከ700 በላይ ክፍሎች የወጡለት ሥራ ሁሉ እኩል ሊጣፍጥ አይችልም። ነገር ግን ክምሩን ሳያበጥሩ መጣል የተማሪ ወግ አይደለም። እኔ በበኩሌ ከገለባው መካከል አንዲት ፍሬ አግኝቻለሁ።

ይህችውም በታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. የታየችው፣ የ27ኛው ምዕራፍ 9ኛ ክፍል፣ «ባርትሁድ» ናት። ስሟንም አካሄዷንም የወሰደችው ሪቻርድ ሊንክሌተር አንድን ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተከተለ ከሠራው፣ በ2006 ዓ.ም. ከወጣው «ቦይሁድ» ከተባለው ፊልም ነው።

በዚህ ተከታታይ ውስጥ እንደ ደንቡ ማንም አያድግም፤ ባርት ዘወትር የ10፣ ታናሽ እኅቱ ሊሳ የ8 ዓመት ልጆች ናቸው። በዚህች ክፍል ግን ባርት ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ሲያድግ እናያለን። አባቱ ሆመር ፊት ይነሣዋል፤ የሚያጽናናው አያቱ ነው። ሊሳ በትምህርቷ ስትመሰገን እርሱ በጥላዋ ሥር ይቀራል፤ ቂሙም አብሮት ያድጋል። በመጨረሻ በሚወደው በብስክሌት ሥራ ራሱን ይችላል፤ ከእኅቱም ጋር ይታረቃል። አዲስ ተከታታይ ይህን ሊያደርግ ባልቻለም ነበር። 26 ዓመት ሙሉ በአንድ ዕድሜ ላይ የቆመ ልጅ ድንገት ሲያድግ ነው ልብ የሚነካው። እንግዲህ ጉድለት ተብሎ የተነቀፈው የሥራው እርጅና እዚህ ላይ ኀይል ሆነ ማለት ነው።

«የፈረንጅ ቤት ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ክፍሏን ያየሁት ቡራዩ ውስጥ፣ በአንድ የትምህርት ጓደኛዬ ቤት፣ በስልክ ነው። ታላቅ ወንድሙ አጠገባችን ተቀምጦ አብሮን ይስቅ ነበር። ባርት እኅቱ ስትወደስ ቆሞ ሲያይ ግን ሳቁን አቋርጦ ተነሥቶ ወጣ። ወንድምየው የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ተራ ነው። ከእነዚያ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችን እናስታውሳለን። ከቀሩት ከፊሎቹ በማካካሻ ትምህርት ገቡ፤ ብዙዎቹ ግን ቤት ቀሩ።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከምንመላለሰው ተማሪዎች መካከል፣ ቤቱ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ስንቱ ነው? እኛ በመጣን ቀን ወጡ ይሻሻላል፤ ጎረቤት ይጠራል። «አንተም እንደ ታናሽህ ብትሆን ኖሮ» የሚለው ቃል ደግሞ ከእንጀራው ጋር ለታላቁ ይቀርብለታል። እኛም አንገታችንን ደፍተን እንበላለን፤ አንድም ቀን «ተው እማዬ» አንልም።

ክፍሏ እንከን የለባትም አልልም፤ ፍጻሜዋ ቀላል ነው። ቡራዩ ላይ አንዲት የጥገና ሱቅ ለመክፈት ኪራዩና መነሻ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሆኖም ፍርዷ ትክክል ነው፤ ሊሳን «መጽሐፍሽን ጣይ» አትላትም፤ ባርትንም ሰነፍ ብላ አትጥለውም። ጥላው የተፈጠረው ልጆቹን ከሚያወዳድረው ዐይን መሆኑን ታሳያለች።

በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ይህችን ክፍል ከቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር እንያት። ሲነሡ ግን፣ እኔና ጓደኛዬ እንዳደረግነው፣ ስልካችን ላይ እንደ ተደፋን አንቅር፤ ተከትለናቸው እንውጣ።