«በዘራቸው አለ»

ወላይታ ውስጥ «በዘራቸው አለ» የምትለው አጭር ንግግር ሰርግ አስቀርታለች። በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የኖረን ገበሬ ካሳበጠ በኋላ ጤነኛ እህቱንና ወንድሙን ጭምር ከጋብቻ ያገል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ከወላይታ ሰዎች ዘረመል መልስ አገኘ፤ 6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያሉ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ ጂኖች ለበሽታው ያጋልጣሉ። ተጋላጭነቱ ይወረሳል። ጫማ ለሚያደርግና እግሩን በሳሙና ለሚታጠብ ሰው ግን በሽታው አይቀሬ አይደለም።

ዘር የሚለው ቃላችን ግን ከዚህም የተለየ ነገር አብሮ ይጠቀልላል፤ ከዘረመል የመጣ ሆኖ ሳለ ከማንም ያልተወረሰውን። ሁለቱን ካልለየን ያለ ጥፋቷ የምትወቀስ እናት አትጠፋም።

ለምሳሌ ከ5ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ጫፉ ጎድሎበት የሚወለድ ሕፃን አለ። በግምት ከ15 ሺህ እስከ 50 ሺህ ከሚወለዱት አንዱ ነው። ጉሮሮው በአፈጣጠሩ ስለሚለይ ለቅሶው ቀጭንና ስል ነው፤ የድመት ግልገል ድምፅ ይመስላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዠሮም ለዠን እ.ኤ.አ. በ1963 ችግሩን ሲገልጸው ስሙን ከዚሁ ድምፅ ወሰደ። ሕፃኑ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ይሆናል፤ መቀመጡም መሄዱም ይዘገያል። ድምፁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጁ ሲያድግ ይለወጣል። ስለዚህ ፍንጩን በጊዜው የሰማችው እናቱ ናት፤ «ለቅሶው የሌሎቹን አይመስልም» ስትል ሊያዳምጣት የሚገባ ሰው ያስፈልጋታል።

ጉድለቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው የወላጅ ዘር ህዋስ ሲሠራ በሚደርስ ስብራት ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በአባት በኩል። ይህን የምለው ወቀሳውን ወደ አባት ለማዞር አይደለም፤ እሱም ያደረገው ነገር የለም። ከአሥር አንድ ገደማ በሚሆኑት ግን ወላጁ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ቁራጩ ቦታውን የለወጠ ክሮሞሶም ይይዛል። የወላጆች የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለሚቀጥለው እርግዝና ምክር እንጂ ለክስ አይደለም።

የክሮሞሶም ምርመራው ቀላል አይደለም፤ ህዋሳት ይራባሉ፣ ሲከፈሉ ይያዛሉ፣ 46ቱ ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ ይለያሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ልጁ አይጠብቅም። ልቡንና ጆሮውን ማስመርመር፣ አመጋገቡን መከታተል፣ አካሉን ማለማመድ ወላይታ ሶዶ ከተማ ላይም ቢሆን ዛሬ ሊጀመር ይችላል። በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም የሚዘገይ ልጅ ስታይ ወደ ሆስፒታል መላክ ትችላለች።

ከሁሉ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ከሚናገሩት በላይ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። ቃል ስላላወጡ ብቻ የሚያናግራቸው ሲጠፋ ብስጭታቸው በጩኸትና ራስን በመምታት ይወጣል። ውሃ ሲጠማው ወደ ጣሳው እንዲጠቁም የተማረ ልጅ፣ ጣሳውን አንስቶ የሚሰጠው ሰው ካለ፣ ለመጠየቅ ብሎ ራሱን መምታት አያስፈልገውም።