መጠባበቂያው መብራት የት ታስሯል?

መብራት ሲሄድ ሻማ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሻማው የት እንደተቀመጠ በጨለማ የሚያውቅ ሰው ግን ከዚያም ያንሳል። ቤት ውስጥ የዚህ ዋጋ ቢበዛ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር መላተም ነው። ከውሃ በታች፣ ይልቁንም ጣሪያ ባለው ዋሻ ወይም በሰመጠ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ፍለጋው የሚፈጀው እያንዳንዱ ደቂቃ ከጀርባ ከተሸከሙት አየር ላይ ይቀነሳል። በስኩባ ጠላቂዎች ዘንድ ስለ መጠባበቂያ የእጅ ባትሪ የሚደረገው ክርክር አቅጣጫውን የሳተ የሚመስለኝም ለዚህ ነው። የሚጠየቀው ሉመኑ ስንት እንደሆነ፣ የማን ስሪት እንደሆነ፣ ስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚችል ነው። እኔ ግን የመጠባበቂያ መብራት ዋጋ የሚለካው ሰውነት ላይ በታሰረበት ቦታና ሳያዩት በአንድ እጅ ሊበራ በመቻሉ ነው እላለሁ። ይህን የማያሟላ ባትሪ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ጭነት ነው።

ጉዳዩን ከማንም በላይ የመረመሩት የሰሜን ፍሎሪዳ የዋሻ ጠላቂዎች ናቸው። ጂኒ ስፕሪንግስንና ፒኮክ ስፕሪንግስን የመሳሰሉት የዚያ አገር ምንጮች ከኖራ ድንጋይ ሥር ይፈልቃሉ፤ ውሃቸው ጥርት ያለና የሚጋብዝ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የፀሐይ ብርሃን ፈጽሞ የማይደርስበት ረጅም መተላለፊያ ይሆናሉ። የሂሳብ መምህር የነበረው ታዋቂው ጠላቂ ሼክ ኤክስሊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሞት አደጋ ዘገባዎችን አንድ በአንድ አገላብጦ፣ ሰዎችን የሚገድሉት ጥቂት የሚደጋገሙ ስህተቶች መሆናቸውን አሳየ፤ እስከ መውጫው ያልተቋረጠ መሪ ገመድ አለመዘርጋት፣ ለመግቢያ ከአየሩ ሲሶ በላይ መጠቀም፣ ከልክ በላይ መጥለቅ። በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች የሥልጠና ማነስንና የመብራት ጉድለትን ጨመሩበት። ዛሬ በየትኛውም የዋሻ ጥልቂያ ትምህርት እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት መብራት፣ አንድ ዋናና ሁለት መጠባበቂያ፣ ይዞ እንዲገባ ይታዘዛል። ደንቡ መልካም ነው። ችግሩ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው፤ ሦስቱንም ኪስ ውስጥ የከተተ ሰው ደንቡን አክብሯል ማለት ነው።

ዋናው መብራት የጠፋበትን ቅጽበት እናስብ። ጠላቂው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት መሪ ገመዱን መያዝ ነው፤ የወለሉ ደለል ከተነሳ መውጫውን የሚያሳየው ሌላ ነገር የለም፤ ገመዱን ከያዘም መልቀቅ የለበትም። ስለዚህ የቀረው አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ሊሆን ይችላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ጣቶቹ ደንዝዘዋል። አሁን ይህ እጅ ጭን ላይ ያለ ኪስ ከፍቶ፣ መለዋወጫ ጭንብልና የገመድ ጥቅል አልፎ፣ ባትሪውን ለይቶ፣ ሳይጥለው አውጥቶ ያብራ ብሎ መጠበቅ ምን ማለት ነው? በጠራራ ፀሐይ በጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሞከር ቀላል መሆኑ ምንም አያረጋግጥም።

ዊልያም ሆጋርት ሜይን በተባለው የፍሎሪዳ ጠላቂ የመካከለኛ ስም የሚጠራው የአለባበስ ሥርዓት ለዚህ የሰጠው መልስ በቀላልነቱ ያስገርማል። ሁለቱ መጠባበቂያዎች በግራና በቀኝ ትከሻ ማንገቻ ላይ ይታሰራሉ። በባትሪው ጭራ በኩል ትንሽ መንጠቆ በክር ይቋጠርና ደረት ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር ይያያዛል፤ አናቱ ወደ ታች ሆኖ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ቀለበት ማንገቻው ላይ ይጣበቃል። መንጠቆው በክር እንጂ በብረት የማይታሰረው ቢጣበቅ በቢላ እንዲቆረጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጠላቂው ባትሪውን የሚያበራው ከቦታው ሳያነሳው ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አናቱን ያዞራል፣ ብርሃኑ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ከላስቲኩ መዝዞ መንጠቆውን የሚፈታው። ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ ገና ያልተፈታ ስለሆነ ደረቱ ላይ እንደበራ ይንጠለጠላል። የጠፋው ዋና መብራት በቦታው የሚታሰረው በስተመጨረሻ፣ እያዩት ነው።

ደረት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ገመድ ይይዛል የሚል ተቃውሞ አለ። ላስቲኩ ላላ ካለ እውነት ነው፤ ላስቲክ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ መለወጥ አለበት። ጠበቅ ብሎ ከታሰረ ግን ባትሪው ከብብት በታች ተጠግቶ ይተኛል። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ከብሪታንያና ከፈረንሳይ የዋሻ ሰዎች የሚመጣው ነው፤ እነሱ መብራታቸውን የራስ ቁር ላይ ይተክላሉ፣ ሁለቱም እጆቻቸው ነጻ ናቸው። በእነሱ ዋሻ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ደረቁን መንገድ በእግርና በደረታቸው እየሄዱ፣ አጭርና ጠባብ የውሃ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን ለሚያልፉ ሰዎች የተሻለ ዘዴ የለም። በቡድን በሚጠለቅበት ሰፊ ዋሻ ግን የራስ ቁር መብራት ጓደኛን ባዩት ቁጥር ዓይኑን ያጠፋል፤ ብርሃንን የመነጋገሪያ መሣሪያ ማድረግም ከባድ ይሆናል። እጅ ላይ ያለ ብርሃን በክብ ሲዞር ደህና ነኝ ማለት ነው፤ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ድረሱልኝ ነው። የሁለቱም ልማድ መለኪያ ግን አንድ ነው፤ መብራቱ ሁልጊዜ እጅ በሚያውቀው ቦታ ነው።

የዘመኑ ኤልኢዲ አይቃጠልም፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ጭንቀት ጊዜው አልፎበታል የሚሉም አሉ። አምፖሉ አለመቃጠሉ እውነት ነው። ውሃ የሚያስገባው ግን የላስቲክ ማሸጊያው ነው፤ የሚበላሸው ማብሪያው ነው፤ የሚያልቀው የባትሪ ድንጋዩ ነው። ተራው የአልካላይን ድንጋይ እየደበዘዘ ያስጠነቅቃል፤ ብዙ ዳግም የሚሞሉ የሊቲየም ድንጋዮች ግን ጥሩ ሲያበሩ ቆይተው ድርግም ይላሉ። አናቱን በማዞር የሚበራ ባትሪም የራሱ ጠባይ አለው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል አራት እጥፍ ስለሆነ፣ በበቂ ያልላላ አናት ተገፍቶ ራሱን ሊያበራና ድንጋዩን ሊጨርስ ይችላል፤ ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ ውሃ ይገባል። ከእያንዳንዱ ጥልቂያ በፊት ማብራትና ማጥፋት፣ ድንጋዩንም በጊዜው መቀየር የቦታውን ያህል አስፈላጊ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መብራት ሰውን ያደፋፍራል የሚለው። በፍሎሪዳ በርካታ ምንጮች የዋሻ ሥልጠና የሌለው ጠላቂ ጭራሽ መብራት ይዞ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ብርሃን የያዘ ሰው ትንሽ ገባ ልበል ማለቱ ስለማይቀር ነው። ክልከላው ልክ ነው፤ ላልሠለጠነ ሰው የትኛውም አስተሳሰር ዋስትና አይሆነውም። በኤይላት ወይም በፉጃይራ ባሕር የሌሊት ጥልቂያ የሚሞክር አማርኛ አንባቢ ግን ጣሪያ የለበትም፤ መብራቱ ቢጠፋ ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ አንድ መጠባበቂያም ይበቃዋል። ቢሆንም የአየር መለኪያውን የሚያነበው፣ ጓደኛው የሚያገኘው፣ ጀልባዋም የምታየው በዚያ ብርሃን ነው። አስተማሪዎች ለዚህም ተማሪ ማድረግ ያለባቸው ከባድ አይደለም። ገና ውሃ ሳይገባ ጭንብሉን ይሸፍኑት፣ አንድ እጁን ገመድ ያስይዙት፣ መጠባበቂያውን አብራ ይበሉት። እጁ ከደረቱ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ኪሱ እየዞረ የሚፈልግ ከሆነ የዚያን ሌሊት ባይወርድ ይሻላል።